መርዶ በአራተኛ ፎቅ አይነገርም

ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ላይ የምናገረው የእንግሊዝኛ መምህራችን እንዲህ ስላስተማሩን ነው፤ ዋናውን ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል ይሉ ነበር። በእኛ ቤት ወግ ቢሆንማ ስለ ጤናችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄ፣ ተመስገን ተባብለን፣ ልትሄዱ ስትነሱ ነበር ፈሪነቴን የምትሰሙት። ኸላስ፣ በቃ፣ ፈሪ ነኝ። ሊፍት እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጮኽ እፈራለሁ። ከሁሉ ከሁሉ ግን በረንዳ እፈራለሁ።

በዘጠናዎቹ ዓመታት ቤይሩት አጠገብ ባዕብዳ ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር በቤት ሠራተኝነት የምሠራው። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም። ትጮኻለች እንጂ አትማታም፤ ጮኻ ስትጨርስ ደግሞ «መርሲ» ብላ ታመሰግናለች። ከእኔ በታች አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የወሎ ልጅ ትሠራ ነበር። መጀመሪያ የተዋወቅነው በድምፅ ነው። የወጥ ቤቶቻችን በረንዳዎች አንዱ ባንዱ ላይ ስለሆኑ ልብስ ሳሰጣ ውሃው አናቷ ላይ ጠብ ጠብ ይልባት ኖሯል፤ አንድ ቀን አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ «አንቺ! ጠበል ነው እንዴ የምትረጪኝ? እኔ እኮ እስላም ነኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ቅርጫት በገመድ አስሬ ማውረድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሎሚ፣ አንድ ቀን የተረፈ ዳቦ፣ አንድ ቀን የራስ ምታት ኪኒን በዚያ ቅርጫት ይወጣል ይወርዳል።

እሑድ እሑድ አብረን እንወጣለን። የእሷ ማዳም የምትለቃት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር፤ ያመጣት ቢሮ ክርስቲያን ናት ብሎ ስለነገራት ነው። ስለዚህ የወሎዋ እስላም ነጠላዋን ተከናንባ፣ «ቦንዡር ማዳም» ብላ፣ ከእኔ ጋር ትወጣለች። እኔ ስገባ እሷ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች። «አላህ ያውቀዋል፣ ማዳሜ ባታውቀውም ችግር የለም» ትላለች። ቅዳሴው ሲያልቅ ሁለታችንም ፉርን ኤል ሸባክ ወዳለው ኮሌጅ እንሄዳለን።

ኮሌጅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጦርነቱ የጥይት ቀዳዳ ገና ያልተደፈነለት አንድ ሕንፃ ነው። እዚያ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሐምሌም በጥርም ያንኑ ኮት የሚለብሱ፤ ሁላችንም ኡስታዝ፣ መምህር ለማለት፣ እንላቸዋለን። በሥራ ቀን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻቸው የሚሰጡትን ያንኑ ኮርስ እሑድ ከሰዓት ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ለእኛ ይደግሙልን ነበር። አብዛኞቻችን ሐበሾች ነን፤ ጥቂት ሲሪላንካዎችም ነበሩ። «ኮርሱን አላቀልላችሁም፣ ያኒ እናንተ ከእነሱ በምን ታንሳላችሁ?» አሉን በመጀመሪያው ቀን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኮሌጅ ሳልገባ የቀረሁ ስለሆንኩ ያን ስሰማ እንባዬ መጣ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ፈራሁ፤ ተነሽ ቢሉኝስ እያልኩ።

ኡስታዝ «ዋናው ነገር መጀመሪያ!» ሲሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይመታሉ። አንድ ቀን እትዬ ተከራከሯቸው። እትዬ የምንላቸው ከሁላችንም ትልቋ ናቸው፤ ኻልዴ መንገድ ዳር ባለ ምግብ ቤት ሥጋ ይጠብሳሉ። «ኡስታዝ፣ እኛ አገር እኮ ክብሪት ለመዋስ እንኳ መጀመሪያ የጎረቤት ላም ደህና መሆኗን እንጠይቃለን» አሏቸው በአረብኛ። ኡስታዝ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና በጦርነቱ ጊዜ ስለነበረው ስልክ ነገሩን። መስመር ማግኘቱ ተአምር ነው፤ መቼ እንደሚቋረጥ ደግሞ አይታወቅም። ስለዚህ ስልኩ እንደተነሳ «ሁላችንም በሕይወት አለን» ይባላል፤ ሰላምታው መስመሩ ከቆየ ይደርሳል። «ሰላምታ ያስቀደመ አንድ ሰው ነበር» አሉ፤ «እናቱ ቀሪውን ለመስማት ብዙ ጠበቀች።» ያ ሰው እሳቸው ይሁኑ ሌላ አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሌላው የሚያስጨንቀን ትምህርት የዓይን ነገር ነበር። ወረቀት ማንበብ ክልክል ነው። ተናጋሪ አድማጩን፣ አድማጭም ተናጋሪውን ዓይን ለዓይን ማየት አለበት። እኛ ደግሞ ታላቅን ፊት ለፊት ማየት ድፍረት ነው ተብለን ያደግን ነን፤ ማዳሞቹም ካየናቸው «ሹ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ?» ይላሉ። «እኚህ ሰውዬ ዓይን አውጣ ሳያደርጉን አይለቁንም» እያልን እንሳሳቅ ነበር። ኡስታዝ ግን አልለቀቁንም። «አድማጭ ዓይኑን ከነፈገ ተናጋሪው መሰማቱን በምን ያውቃል?» ይላሉ።

አንድ እሑድ የቤት ሥራ ሰጡን። በሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዳችን በደንብ ስለምናውቀው አንድ ሰው ቆመን በእንግሊዝኛ እንድንናገር። የወሎዋ ጓደኛዬ ወዲያው «እናቴን ነው የምናገረው» አለች። ወደ ባዕብዳ ስንመለስ ሰርቪሱ፣ የጋራ ታክሲው፣ ውስጥ ስታጠና ሾፌሩ በመስታወት እያያት ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ስልክ ጮኸ። ማዳሜ አነሳችና «ላንቺ ነው፣ ያላ፣ ቪት ቪት፣ ቶሎ በይ» ብላ ሰጠችኝ። የማላውቀው የወንድ ድምፅ ነው፤ ከሩቅ ይመጣል። «እንደምን አለሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? ሰዎቹስ ደህና ናቸው?» አለ። ደህና ነኝ፣ ተመስገን አልኩ። ከዚያ «አጠገብሽ ሰው አለ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አጠገብሽ ሰው አለ ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ የሚይዝሽ ሰው መኖሩን እያጣራ ነው። ግድግዳውን ተደገፍኩ። እናቴ ናት አልኩ በልቤ። «ማን ልበል?» አልኩት።

የጓደኛዬ ወንድም ነበር፣ ከደሴ። የእሷ ማዳም ስልክ ስለማታስነካት ለቤተሰቦቿ የሰጠቻቸው የእኛን ቤት ቁጥር ነው። «እናታችን ወደ አኼራ ሄዳለች» አለኝ፤ «ቀብረናታል።» እኔ ያን ጊዜ በልቤ ያልኩት «ተመስገን፣ የእኔ አይደለችም» ነው። ወዲያው ፊቴ ተቃጠለ። እሱ ማልቀስ ጀምሯል። «አደራ፣ ብቻዋን እንዳትነግሪያት። ሰው ሰብስባችሁ፣ ይዛችሁ፣ በደንቡ ንገሯት። እሷን ደግሞ እንዳናጣት» አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

ማዳሜ «ሹ ፊ? ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለችኝ። «ማፊ ሺ፣ ምንም የለም፣ ማዳም» ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ከታች የጓደኛዬ ድምፅ ይሰማል። ሰሃን እያጠበች ታንጎራጉራለች።

መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይገባል፤ አንዱ ከኋላ ይቆማል፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ። ነገሩ ሲወጣ ሰውየው ራሱን ይወረውራል፣ እነሱ ይይዙታል። ቢያመልጣቸው እንኳ የሚወድቀው መሬት ላይ ነው፤ ከመሬት ወዲያ አይሄድም። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ማን ይይዛታል? ያለው በረንዳ ነው፣ አጥሩም ከወገብ አይበልጥም። ባለፈው ክረምት ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ አንዲት ልጅ ወድቃ ነበር። ማዳሞቹ መስኮት ስትወለውል ነው አሉ፤ እኛም የምንለውን አልን፤ እውነቱን የሚያውቅ የለም። አስፋልቱን በጎማ ውሃ ሲያጥቡት አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ሳሰጣ አንድ እጄን ከአጥሩ አላነሳም።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ብርጭቆ ሰበርኩ፤ ሩዝ አሳረርኩ፤ ማዳሜ «ሐራም፣ ምስኪን፣ ይህቺ ልጅ አብዳለች» አለች። ከታች የጓደኛዬ ድምፅ ሲጠፋብኝ የያዝኩትን ጥዬ ወደ በረንዳው እሮጣለሁ።

«አለሽ?»

«የት ልሂድልሽ? ምን ፈለግሽ?»

«ምንም። አለሽ ወይ ብዬ ነው።»

«አይ አንቺ! ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ነው እንጂ ምን ይባላል። ዛሬ ደግሞ ምን አስፈራሽ?»

እሷ ታሾፋለች። እኔ እኮ የምፈልገው እሱኑ ነበር፣ ሜዳ። እሷን መሬት ላይ የማገኝበት፣ ሰው የሚከባት ቦታ። ሳስበው ሳስበው ያለው የኮሌጁ ምድር ቤት ብቻ ነው። እሑድ እስኪደርስ መጠበቅ ነው ያለኝ፤ እስከዚያ ድረስ ከአፌ እንዳያመልጠኝ።

ንግግሯን ደግሞ በየቀኑ ታሰማኝ ነበር። እሷ ታች ልብስ ታጥፋለች፣ እኔ ላይ ቆሜ የፀጉሯን መሃል ስንጥቅ እያየሁ አዳምጣለሁ። «የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬን ስሚ፤ ‹እናቴ መኪና ትፈራለች›። እንዴት ነው? ዋናው ነገር መጀመሪያ!» ከዚያ ታሪኩን ትቀጥላለች። እናቷ በሕይወታቸው መኪና የተሳፈሩት አንዴ ነው፤ እሷን ወደ ቤይሩት ሊሸኙ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። መንገዱን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በየመታጠፊያው «ደረስን?» እያሉ። እሷ እንዳይጨነቁ ብላ አንዴ «ደረስን እማዬ» ብትላቸው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ከሥራቸው ገደል። ጩኸታቸውን ሲለቁት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀ። «እናቴ መኪና ትፈራለች፤ ከመኪና ይልቅ ግን እኔ ብቻዬን መሄዴን ፈራች» ብላ ትጨርሳለች። ሲያልቅ «ቆንጆ ነው?» ትለኛለች ወደ ላይ አንጋጣ። ቆንጆ ነው እላለሁ፤ ወደ ውስጥ ገብቼ ፎጣ አፌ ውስጥ እከታለሁ።

አንድ ቀን «ስለ ማዳምሽ ብትናገሪስ?» አልኳት።

«ስለ ማዳሜ? እሑዴን ላበላሽ? እናቴ ምን አደረገችሽ?»

ምንም አላደረጉኝም አልኩና ቅርጫቱን አወረድኩላት። ባዶ መሆኑን ያየሁት እሷ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ስትለኝ ነው።

እሑድ ደረሰ። እሷ ደጅ ስትጠብቀኝ እኔ ውስጥ ለሴቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እትዬ የምግብ ቤት ሥራቸውን ትተው ስለማይመጡ ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም፤ ከኻልዴ በቀጥታ ክፍል ይደርሳሉ፤ በስልክ ተነጋግረን ዕቅድ አውጥተናል። ትምህርቱ ሲያልቅ በሩን ዘግተን፣ እሷን መሃል አድርገን፣ እትዬ ይናገራሉ። እሳቸው ብዙ መርዶ አርድተዋል፤ ያውቁበታል። የእኔ ሥራ መያዝ ብቻ ነው።

ክፍል ስንገባ የእትዬ ወንበር ባዶ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ይሁን ባለቤቱ ከልክሏቸው አላውቅም። ኡስታዝ መጡ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ «ማን ይጀምራል?» አሉ። መብራት በጠፋ ብዬ ስለት ተሳልኩ። በየቀኑ የሚጠፋ መብራት ያን ቀን እንቢ አለ። እሷ እጇን አወጣች፤ ኧረ ገና ጥያቄው ሳያልቅ!

ፊት ለፊት ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ፣ «እናቴ መኪና ትፈራለች» አለች በእንግሊዝኛ። ከእኛ ወገን አንዷ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ሌላዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ደረስን?» የሚለው ጋ ስትደርስ ሲሪላንካዎቹ ሳቁ። ከእኛ ግን የሳቀ የለም፤ ሁላችንም አቀርቅረናል። ኡስታዝ የሚያውቁት ነገር ስለሌለ ተቆጡ። «ዓይን! ዓይን! ምን አስተማርኳችሁ? ተናጋሪዋን እዩ!» ጠረጴዛውን መቱ። ከአጠገቤ ያለችው ልጅ እንደታዘዘችው ቀና ስትል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጓደኛዬ አቆመች። አንድ በአንድ አየችን። አንዷም ዓይኗን አልሰጠቻትም። ከዚያ እኔን አየች፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ፣ ፈራሁ፣ ምን ላድርግ። በወንበሮቹ መሃል መጥታ ከፊቴ ቆመች። ጫማዋን ብቻ ነው የማየው።

«በዙሪያ እንዳትመጪብኝ» አለችኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «ሰላምታም አልፈልግም። ኡስታዝ እንዳሉት አድርጊ። ዋናውን መጀመሪያ ንገሪኝ።»

እትዬ የሉም። ቀና አልኩና ዓይኗን አየሁት።

«እናትሽ ሞተዋል» አልኳት። ዐርፈዋል እንኳ አላልኩም።

ሴቶቹ ከግራም ከቀኝም ያዟት። ጉልበቷ ታጠፈ፤ ይዘናት አብረናት ወረድን፣ ሁላችንም ወለሉ ላይ። ደረቷን መታች፣ ፀጉሯን ያዘች፣ ጮኸች። እኔ ወገቧን አቅፌ አለቅም ብያለሁ፤ ክርኗ ከንፈሬን ቢሰነጥቀውም አልለቀቅኳትም። ኡስታዝ አንዷን ጠየቁ፤ ስትነግራቸው ያን ከላያቸው ወልቆ የማያውቅ ኮት አወለቁና ሰሌዳው ሥር ካለው ቀዝቃዛ ወለል ላይ አነጠፉላት። «አላህ ይርሐማ፣ ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ አጠገባችን ወንበር ላይ ተቀምጠው አቀረቀሩ፤ ስለ ዓይን ምንም አላሉም። እትዬ በሩን ከፍተው ሲገቡ ጥብስ ጥብስ ይሸታሉ፤ ሁኔታችንን ሲያዩ ገባቸው። «ወይኔ ልጄን!» ብለው የመንገዱን ሁሉ ልቅሶ እዚያው አወረዱት።

መሽቶ በር ሳይዘጋብን መመለስ ነበረብን። እትዬ ወደ ኻልዴ፣ እኛ ወደ ባዕብዳ። የሰርቪሱ ሾፌር ፊታችንን ሲያይ ማንም ሳይነግረው ራዲዮኑን ዘጋ። እሷ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲታጠፍ «ደረስን?» አለችኝ። «አልደረስንም» አልኳት። በሚቀጥለው መታጠፊያም ጠየቀችኝ። ደረስን ብዬ ልዋሻት አልቻልኩም።

እውነተኛው ፍርሃት የመጣው ሊፍቱ ውስጥ ነው። መርዶውን መሬት ላይ ነገርኳት፤ ሌሊቱ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ አምስተኛ፣ እሷ አራተኛ፣ መሃላችን ጣሪያ። በሩን ስናንኳኳ ማዳሟ ከፈተች። «የት ነበራችሁ እስካሁን?» አለች በቁጣ። እኔ ማዳም ፊት ስቆም አንደበቴ የሚፈታው በ«ፓርዶን ማዳም፣ ሲልቩፕሌ ማዳም፣ እባክሽ ካላስቸገርኩሽ» ነው፤ ዋናው ነገር እስኪወጣ ማዳሞቹ ይሰለቻሉ። ያን ቀን ዓይኗን አየሁት።

«እናቷ ሞተዋል። ዛሬ እዚህ ከእሷ ጋር አድራለሁ።»

ማዳሟ እኔን አላየችኝም፤ ጓደኛዬንም አላየችም። መጀመሪያ ዞር ብላ ያየችው የወጥ ቤቱን በረንዳ በር ነው። እሷም ትፈራው ኖሯል። «ግቡ» አለች፤ «ማዳምሽን እኔ እነግራታለሁ።» ስልክ ልታነሳ ሄደች።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ፍራሽ አነጠፍኩና አስተኛኋት። የበረንዳው በር ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም ነበር፤ የእኔ ቅርጫት ከላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ይታያል። አንድ እጄን ከአጥሩ ሳላነሳ ገመዱን በሽንኩርት ቢላዋ ቆረጥኩት፤ ገብቼ በሩን ዘጋሁና እጀታውን በዚያው ገመድ ከውሃ ቧንቧው ጋር አሰርኩት። ዓይኗን ጨፍና የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ፈሪ» አለችኝ።

«አዎ፣ ፈሪ ነኝ» አልኳት፤ ቋጠሮውንም ደገምኩት።